ቅጽል ፍለጋ

ማክሰኞ ማታ፣ ቅርያት ጋት፣ ከሰፈሩ አዳራሽ ምድር ቤት፣
መብራቱ እንደ ጢንዚዛ በሚያጉረመርምበት፣
ላሪሳ አስተማሪያችን፣ የኦዴሳዋ ሴት፣
ሰሌዳው ላይ ጻፈች የሳምንቱን ትእዛዝ፦
«ሥራውን የሚያውቅ፣ ሕሊናውን የሚይዝ
አንድ ባለሥልጣን በእንግሊዝኛ ግለጹ።»
ከሥሩ ቅጽል ዘረገፈች፣ ብቁ፣ ሐቀኛ፣ ቅን፣
የማያዳላ፣ ታማኝ፣ ትጉህ፤
«ከነዚህ አምስት ምረጡ፤ አንድ ገጽ ይበቃናል።»

ያየህይራድ፣ ፎርክሊፍት ነጂው፣ አጠገቤ ሣቀ፤
«ለሹም ደግሞ ምን ቅጽል? ተረቱ መች አለቀ?
ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል።»
እኔም ሣቅሁ። ወዲያው ግን ሣቄ ደረቀ፤
ወይዘሮ ዝሐቫ ቡስኪላ ትዝ አሉኝ፣
የሕዝብ መዝገብ ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት፣
መነጽራቸው በክር ታስሮ፣ ሪሓናቸው በጣሳ።

ሌሊት፣ ከሳሙና ፋብሪካው በር፣ ከጥበቃ ጎጆዬ፣
መዝገበ ቃላት ገለጥኩ ሻዬን ከጎን አድርጌ።
«ብቁ» የሚሉት ለክሬንም ይሆናል።
«እሳቸው» ብዬ ልጀምር፣ ቋንቋው አልያዘልኝም፤
ለሹሟም፣ ለልጄም፣ ለመርከብም ያው አንድ «ሺ»፤
አንቱታዬ ደጅ ቀረ፣ እንደ ወለቀ ጫማ።
«እኔ» ግን፣ ጉድ እዩ፣
ዓረፍተ ነገር መሐል እንኳ በትልቅ ፊደል ይቆማል፣
ብቻውን፣ እንደ ምሶሶ።

ያኔ እናቴ እንጉዳይ ከአውሮፕላን ስትወርድ
አንዱ ቸኩሎ ጻፋት፤ ጃንዋሪ አንድ ተወለደች አለ፤
ስምንት ዓመት ከዕድሜዋ በብዕር ተቆረሰ።
ጡረታ ቢሮ «ገና ነሽ» አላት፤
ጉልበቷ ግን ጨረሰ።

ወይዘሮዋ አስተርጓሚ በስልክ ጠሩ፣
ወንበራቸውን ወደ እናቴ አዞሩ።
«አንበጣው ሲመጣ የወተት ጥርስሽ ወልቆ ነበር?
ጣልያን ሲወጣ ትድኺያለሽ፣ ወይስ ውኃ ትቀጃለሽ?»
አንድ ሰዓት ሙሉ።
ሰልፉ ከኋላ አጉረመረመ፤ እሳቸው ጻፉ፣ ዝም ብለው ጻፉ።

እኔ ማር ይዤ ነበር። ሹም ፊት ባዶ እጅ አይቀረብም።
ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ «ደግ ማር ነው» አሉ፣
መልሰው አጠበቁት።
ወረቀት ስበው «አንድ ማሰሮ ማር ቀርቦልኝ መልሻለሁ»፣
ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ፤
ቅጂው ለኔ።
ተናደድኩ። በሰው ፊት የተዋረድኩ መሰለኝ፤
ማሩን እስከ ቤት ድረስ እንደ ሌባ ደበቅሁት።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ «መዝገቡ ትክክል ነው፤ አይለወጥም።»
እናቴ አጣጥፋ ከትራሷ ሥር አኖረችው፤
ማንም ይግባኝ አላለም።
በአሥረኛው ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ማንም ሳይጠይቅ፦
«የናንተን ዘመን ወደ እኛ ስመልስ
ስምንቱን ዓመት ሁለቴ ደምሬዋለሁ።
ተሳስቻለሁ። ዛሬ አርሜዋለሁ። ዝሐቫ ቡስኪላ።»

እኔ የማውቀው የቢሮ ቋንቋ «ስሕተት ተፈጥሯል» ነው፤
ስሕተት ያለ ባለቤት፣ ማንም ሳይዘራው፣
እንደ እናቴ ስም በዝናብ የሚበቅል።

ጡረታ የወጡ ዕለት አውቶቡስ ማቆሚያ አየኋቸው፣
የሪሓኑን ጣሳ ታቅፈው፣ ፀሐዩ መነጽራቸው ላይ።
አለመብላታቸው ቆጭቷቸው እንደሆነ
አልጠየቅኳቸውም፤ አራት ቁጥር መጣ፣ ተሳፈሩ።

የቤት ሥራዬን ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ ያለ አንድ ቅጽል፦
ስምንቱን ሁለቴ ደመረች።
ማንም አላየም።
«እኔ ተሳሳትኩ» ብላ ጻፈች፤
እዚህ ላይ ያን ትልቁን ፊደል
እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ተጫንኩት።

ላሪሳ በቀይ፦ «ቅጽሎቹስ የት ሄዱ? ስድስት ከአሥር።»
ያየህይራድ አምስቱንም ደርድሮ ዘጠኝ አገኘ።
ስለ ማን እንደጻፈ ስጠይቀው፣
«ስለ ማንም» አለኝ።